ብርሃን ያለ ሙቀት፦ በአመዳይ አገሮች የመኪና የፊት መብራት ታሪክ

1. መግቢያ

ስለ አውቶሞቢል ታሪክ የሚጻፉት መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት ስለ ሞተሩ ኃይልና ስለ ፍጥነቱ ነው፤ ስለ ፊት መብራቱ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሌሊት የሚጓዝ መኪና ሊሄድበት የሚገባው ፍጥነት የሚወሰነው በሞተሩ ብርታት ሳይሆን ነጂው አሻግሮ ሊያይ በሚችለው ርቀት ነው። ከዚያ ርቀት አስበልጦ የሚሮጥ ሰው የሚነዳው በዓይኑ ሳይሆን በዕድሉ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዚህን መብራት ታሪክ ከመነሻው አንሥተን፣ ይልቁንም በሃሎጅን አምፑልና እርሱን እየተካ በመጣው በኤል ኢ ዲ መብራት መካከል ያለው ልዩነት አመዳይ በሚበዛባቸው አገሮች ምን እንዳስከተለ ለመመርመር እንሞክራለን።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ያስፈልገናል። በቋንቋችን «በረዶ» ሲባል ለብዙዎቻችን በመጀመሪያ የሚታሰበን በክረምት ከዝናብ ጋር እየተወረወረ ጣራ የሚደበድበው ጠጣር ነገር ነው። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብርድ ወራት እንደ ባዘቶ ሳስቶ በዝግታ የሚወርደው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የስሜን ተራራ ሰዎች ለሚያውቁት ነጭ ብርድ «አመዳይ» የሚል ስም ስላለን፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ ለሚወርደው ነገር አመዳይን፣ ረግቶ ለሚደርቀው ውሃ ደግሞ በረዶን እንጠቀማለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልናስረዳ የምንፈልገው ነጥብ በአጭሩ ይህ ነው። የመብራት ሠሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ የደከሙት ከአንድ ዓይነት የኃይል ወጪ ብዙ ብርሃንና ጥቂት ሙቀት ለማግኘት ነበር። በመጨረሻ ተሳካላቸው። በተሳካላቸው ጊዜ ግን ያ እንደ ብክነት የተቆጠረው ሙቀት በአመዳይ አገር ማንም ሳይቀጥረው ሲያገለግል የኖረ ሠራተኛ መሆኑ ታወቀ።

2. ከነበልባል ወደ ሽቦ

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች መብራታቸውን የወረሱት ከፈረስ ሠረገላ ነው። በዘይት የሚነድደው ፋኖስ መኪናው መምጣቱን ለሌላው መንገደኛ ያስታውቅ ነበር እንጂ ለነጂው መንገዱን እምብዛም አያሳየውም ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው በአሴቲሊን ጋዝ የሚበራው መብራት ነው። ይህ ጋዝ የሚገኘው ካርባይድ በሚባለው ድንጋይ መሰል ነገር ላይ ውሃ በማንጠብጠብ ነው። ካናዳዊው ቶማስ ዊልሰን በ1892 ካርባይድን በኤሌክትሪክ እቶን በርካሽ የሚያወጣበትን ዘዴ ካገኘ በኋላ የአሴቲሊን መብራት በየመኪናው ላይ ተሰቀለ። ነበልባሉ ብሩህ ነበር፤ ነፋስና ዝናብም በቀላሉ አያጠፉትም ነበር።

ነገር ግን ብርድ ለመኪና መብራት ጠላት መሆን የጀመረው ገና በዚያን ጊዜ ነው። በካርባይዱ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ በብርድ ወራት ከረጋ ጋዝ አይኖርም፤ ጋዝ ከሌለም ብርሃን የለም። በ1904 በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የተመሠረተው ፕሬስት ኦ ላይት የተባለ ኩባንያ ታምቆ በብረት ጠርሙስ የተሞላ አሴቲሊን መሸጥ ሲጀምር ይህ ችግር በከፊል ተቃለለ፤ ነጂው ውሃ ይዞ መዞር አላስፈለገውምና። እንግዲህ የብርዱ ጉዳይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከመብራቱ ታሪክ ተለይቶ አያውቅም ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ መብራት በአውቶሞቢል ላይ በ1898 ቢታይም ቶሎ አልተስፋፋም። የአምፑሉ ክር በመንገዱ መንቀጥቀጥ እየተበጠሰ ያስቸግር ነበር፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጭ ትንሽና ጠንካራ ዲናሞም ገና አልነበረም። በ1912 የካዲላክ ፋብሪካ ሞተር ማስነሻውን፣ እሳት ማቀጣጠያውንና መብራቱን በአንድ የኤሌክትሪክ ሥርዓት አገናኝቶ ባቀረበ ጊዜ የጋዝ መብራት ዘመን ወደ ማክተሙ ተቃረበ። ቀጥሎም ብርሃኑ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ስለሚያጥበረብር የጀርመን ኦስራም ኩባንያ በ1920ዎቹ አጋማሽ ሁለት ክር ያለው አምፑል አወጣ፤ አንዱ ክር ለረጅሙ መብራት፣ ሁለተኛው ለአጭሩ። በአሜሪካም ከ1940 ጀምሮ ክሩ፣ አንጸባራቂው ሳሕንና የፊቱ መስታወት በአንድነት የታሸጉበት ክብ መብራት ለመኪናዎች ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ ተደነገገ።

3. የሃሎጅን አምፑል

በአምፑል ውስጥ ያለው የቱንግስተን ክር ሲግል ቀስ በቀስ ይተንናል፤ ትነቱም በመስታወቱ ላይ እየተለጠፈ ያጠቁረዋል። ስለዚህ አሮጌ አምፑል ከመቃጠሉ አስቀድሞ ይደክማል። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባልደረቦች የነበሩት ኤልመር ፍሪድሪችና ኤሜት ዋይሊ በ1959 የፈጠራ መብት ያገኙበት አምፑል ይህን ድካም የሚከላከል ነበር። በአምፑሉ ውስጥ ጥቂት አዮዲን ስለሚጨመር የተነነው ቱንግስተን ከመስታወቱ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ከአዮዲኑ ጋር ተዋሕዶ ወደ ክሩ ይመለሳል። አዮዲን፣ ብሮሚንና የመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች በአንድነት ሃሎጅን ስለሚባሉ አምፑሉም በዚሁ ስም ተጠራ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ የመመላለስ ሥራ የሚከናወነው የአምፑሉ ግድግዳ እጅግ የጋለ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ 250 የሴንቲግሬድ ዲግሪ ያህል ያስፈልገዋል። ስለሆነም አምፑሉ ትንሽ፣ ግድግዳውም ሙቀት ከሚችል ኳርትዝ የተሠራ መሆን ነበረበት። በሌላ አነጋገር ሃሎጅን ሙቀትን የሚታገሥ ብቻ ሳይሆን ያለ ሙቀት የማይኖር መብራት ነው።

የአውሮፓ አምፑልና መብራት ሠሪዎች ኤች 1 የተባለውን የመኪና ሃሎጅን አምፑል በ1962፣ ሁለት ክር ያለውን ኤች 4 ደግሞ በ1971 አወጡ። የኤች 4 አጭር መብራት የሚፈጀው ኃይል 55 ዋት፣ ረጅሙ 60 ዋት ነው። ከዚህ ኃይል ውስጥ ወደሚታይ ብርሃን የሚለወጠው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ነው። የቀረው ሙቀት ነው፤ ከዚህም ሙቀት ብዙው በዓይን በማይታይ ጨረር መልክ ከብርሃኑ ጋር አብሮ ወደ ፊት ይወጣል፤ ከፊሉም በመብራቱ ቤት ውስጥ ያለውን አየር አሙቆ የፊቱን መስታወት ያሞቀዋል።

ይህ ሙቀት ምን ያህል ሥራ ሊሠራ እንደሚችል በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ጁል ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ከ55 ዋቱ ውስጥ 20 ዋት ብቻ በመስታወቱ ላይ ይቀራል ብለን ብንገምት፣ በአንድ ደቂቃ 1200 ጁል ይሆናል፤ ይህም ሦስት ግራም ተኩል ያህል አመዳይ ያቀልጣል። በእርግጥ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ይወስደዋል። ሆኖም አመዳዩ በመስታወቱ ላይ እንዳረፈ ሥሩ ትንሽ ከቀለጠ የቀረው ተንሸራቶ ይወድቃልና ሁሉን ማቅለጥ አያስፈልግም።

ነገሩን በሚዛን ለማቅረብ ያህል፣ ሙቀቱ ብቻውን በቂ እንዳልነበረ መናገር ይገባናል። በስዊድን መንገዶች አመዳዩ ከጨውና ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ በመብራቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሙቀትም ጭቃን አያጥብም። በ1970 የስዊድኑ ሳብ ፋብሪካ ለፊት መብራቶቹ ውሃ መርጫና ትናንሽ መጥረጊያ ማበጀቱ ስለዚህ ነው። ከዚህም በቀር ፊንላንድ በ1972 ከከተማ ውጭ በብርድ ወራት፣ ስዊድንም በ1977 ዓመቱን በሙሉ በቀንም ቢሆን መብራት ተበርቶ እንዲነዳ ደነገጉ። በእነዚያ አገሮች እንግዲህ የፊት መብራቱ መኪናው በሄደበት ሰዓት ሁሉ የሚሞቅ ምድጃ ሆነ ማለት ነው። ይህን ያሰበ ሕግ አውጪ ግን አልነበረም፤ ሕጉ የወጣው መኪናው ከሩቅ እንዲታይ ነበር።

4. የኤል ኢ ዲ መምጣት

ኤል ኢ ዲ እንደ አምፑል ሽቦ አግሎ አያበራም። ብርሃኑ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በግማሽ አስተላላፊ ቅንጣት ውስጥ ሲያልፍ ነው። ኒክ ሆሎኒያክ በ1962 በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ሠራ፤ የሚያስደንቀውም ኤች 1 በአውሮፓ የወጣው በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንድ ዓመት ብቅ አሉ፤ አንዱ ግን ወዲያው መንገድ ላይ ሲወጣ ሁለተኛው አርባ አምስት ዓመት ያህል ጠበቀ። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊው ቀለም ያስፈልግ ነበርና ሹጂ ናካሙራ በጃፓን ብርቱ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ያሳየው በ1993 ነው። ናካሙራ፣ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ ለዚህ ሥራቸው በ2014 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል።

በ2007 ሌክሰስ ኤል ኤስ 600ኤች የተባለው መኪና አጭር መብራቱን በኤል ኢ ዲ አድርጎ ወጣ፤ በ2008ም አውዲ አር 8 የፊት መብራቱን ሥራ በሙሉ ለኤል ኢ ዲ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከባለጠጎች መኪና ወደ ተራው ሰው መኪና ወረደ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ለተመሳሳይ ብርሃን የሚወስደው ኃይል ያነሰ ነው፣ የሚበጠስ ክር የለውም፣ ብዙ ሺህ ሰዓት ያገለግላል፣ ብርሃኑንም ሠሪው እንደ ፈለገ ከፋፍሎ ሊያዘው ይችላል።

ብዙ ሰዎች ኤል ኢ ዲ አይሞቅም ሲሉ ይሰማል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ኤል ኢ ዲም ይሞቃል፤ ሙቀቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ግን የተለየ ነው። ሃሎጅን ሙቀቱን ወደ ፊት ይረጨዋል፤ የኤል ኢ ዲ ሙቀት ግን በቅንጣቱ ሥር ይቀርና በጀርባው ባለው የብረት ማቀዝቀዣ በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። ቅንጣቱ ከጋለ ስለሚደክምና ዕድሜው ስለሚያጥር፣ መሐንዲሱ ሙቀቱን ከመብራቱ ማራቅ የመጀመሪያ ተግባሩ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ በፊት በር፣ ሙቀቱ በጓሮ በር ይወጣሉ። የፊቱ መስታወትም የውጭውን አየር ያህል እንደ ቀዘቀዘ ይቀራል።

5. አመዳዩ ሲወርድ

መኪና በሚወርድ አመዳይ ውስጥ ሲሮጥ የፊት መብራቱ እንደ ወንፊት አመዳዩን ይቀበላል። አየሩ ለዜሮ ዲግሪ ቀረብ ያለ እንደ ሆነ አመዳዩ እርጥብና ተለጣፊ ነው። በቀዝቃዛ መስታወት ላይ ሲያርፍ አይቀልጥም፤ በላዩም ሌላው ይደረብበታል። ብርሃኑ አይጠፋም፤ ነገር ግን በነጩ ሽፋን ውስጥ ተበትኖ አቅጣጫውን ያጣል። መንገዱ ሲጨልም ከፊት የሚመጣው ሰው ደግሞ ይጥበረበራል። የከፋው ነገር ነጂው ይህን ቶሎ አለማወቁ ነው፤ መብራቱን ከመቀመጫው ሆኖ አያየውም፣ ጨለማውም የሚመጣው በዝግታ ስለሆነ የሌሊቱ ጽልመት ይመስለዋል።

ይሁን እንጂ ፍርዱን ለሃሎጅን ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም። ብርዱ ሲጠና አመዳዩ እንደ ዱቄት የደረቀ ይሆንና ከቀዝቃዛ መስታወት ላይ በነፋስ ይገፈፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለብ ያለ መስታወት አመዳዩን በጥቂቱ አቅልጦ፣ ብርዱ ደግሞ መልሶ አርግቶት በረዶ ሊያደርገው ይችላል። ብርቱ ማዕበል በሆነም ጊዜ የሃሎጅን ሙቀት ይሸነፋል። ሙቀቱ ይበልጥ የሚጠቅመው መካከለኛ ብርድ ባለበት፣ እርጥብ አመዳይ በሚወርድበት ሰዓት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰዓት ግን በብርድ ወራት መግቢያና መውጫ ላይ ብዙ ነው።

በዚህ ላይ የአውሮፓ ደንብ አንድ ክፍተት ተወ። ዜኖን የተባለው ብርቱ መብራት ከ1991 ጀምሮ ሲገባ የቆሸሸ መብራት ብርሃን እንዳይበትን ተብሎ፣ ብርሃኑ ከ2000 ሉመን የሚበልጥ አጭር መብራት ሁሉ ማጠቢያ እንዲኖረው ታዘዘ። ብዙ የኤል ኢ ዲ መብራቶች ግን ከዚህ መጠን በታች ስለሆኑ ማጠቢያ አላስፈለጋቸውም። ደንቡ የለካው የብርሃኑን ብዛት እንጂ የመስታወቱን ብርድ አልነበረም።

6. የመስቀለኛ መንገድ መብራት ምስክርነት

ይህ ሁሉ ግምት እንዳይመስል፣ ከመኪና መብራት አጠገብ ያለ አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በአሜሪካ ከተሞች በመስቀለኛ መንገድ ላይ የሚቆሙት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መብራቶች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወደ ኤል ኢ ዲ ተለወጡ፤ በ2005 የወጣው የኃይል ሕግም ለውጡን አፋጠነው። ቁጠባው ከመቶ 80 እስከ 90 እጅ ስለሚደርስ ማንም አልተቃወመም። ነገር ግን አሮጌዎቹ አምፑሎች ያቀልጡት የነበረው አመዳይ በአዲሶቹ ላይ ረግቶ ቀረ። በ2009 በኢሊኖይ ግዛት መብራቱ በአመዳይ በተሸፈነበት መስቀለኛ መንገድ ላይ በደረሰ ግጭት አንዲት ሴት ሕይወቷ አለፈ። በየከተማውም ሠራተኞች በመሰላል እየወጡ መብራቱን በመጥረጊያና በታመቀ አየር የሚያጸዱበት ጊዜ መጣ።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው ሙቀቱ በነበረበት ጊዜ የኤሌክትሪክ ሒሳብ የሚያስጨምር ጉድለት ነበር። በሄደ ጊዜ ግን ዋጋው በሌላ መዝገብ ላይ ተጻፈ። ቁጠባውን ያሰሉት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ የረሱት ግን መዝገብ ነበር።

7. ስለ ብርሃኑ ቀለም

በነጂዎች ዘንድ ሌላም ክርክር ይሰማል፤ የሃሎጅን ብርሃን ቢጫ ስለሚያደላ አመዳይን ሰንጥቆ ያልፋል፣ የኤል ኢ ዲ ነጭ ብርሃን ግን ከአመዳዩ ላይ ተመልሶ ዓይን ይወጋል የሚል ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳይ ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1993 ድረስ የመኪናዎቿ የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን ስታስገድድ ኖራለች።

የተፈጥሮ ሳይንስ ግን ይህን እምነት በሙሉ አይደግፈውም። የአመዳይ ብናኝ ከብርሃን ሞገድ ርዝመት እጅግ ስለሚበልጥ ቀለሞችን ሳይለይ ሁሉንም በእኩል ይመልሳል። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ለብዙ ሰዎች ዓይን የሚጎረብጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ግን የመመቸት ጉዳይ እንጂ ብርሃኑ ርቆ የመሄድ ጉዳይ አይደለም። ዋናው ነገር ብርሃኑ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚወጣና መብራቱ ከነጂው ዓይን ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ረጅሙ መብራት በአመዳይ ውስጥ ሲበራ ነጭ ግድግዳ የሚያቆመው ስለዚህ ነው፤ ይህም በሃሎጅንም በኤል ኢ ዲም አንድ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሁለቱ እውነተኛ ልዩነት ከቀለሙ ይልቅ በሙቀቱ ላይ ነው።

8. ሙቀቱን መልሶ ማምጣት

ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ መሐንዲሶቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በአንዳንድ መብራቶች ከኤል ኢ ዲው ጀርባ ያለው ሙቅ አየር በትንሽ ማራገቢያ ተገፍቶ ወደ ፊቱ መስታወት እንዲመለስ ተደረገ። አመዳይ ለሚጠርጉና ረጅም መንገድ ለሚሄዱ ከባድ መኪናዎች በሚሠሩ መብራቶች ደግሞ በመስታወቱ ላይ ቀጭን የማሞቂያ ሽቦ ተዘረጋ፤ ብርዱን የሚለካ መሣሪያም ሲያስፈልግ ያበራዋል፣ ሳያስፈልግ ያጠፋዋል። እንግዲህ ቀድሞ ሳይታዘዝ በነጻ ይመጣ የነበረው ሙቀት አሁን ታስቦበትና ተከፍሎበት ይመጣል። ያም ሆኖ የሚሠራው በሚያስፈልገው ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከጠቅላላው ሒሳብ አዲሱ ሳይሻል አይቀርም።

ማሞቂያ የሌለው ሰው በራሱ እጅ ለማበጀት ሲሞክር ግን ሌላ ስሕተት ውስጥ ይገባል። የሃሎጅን መብራት ቤት የተሠራው ክሩ በሚሊሜትር ተለክቶ በሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ የኤል ኢ ዲ አምፑል መክተት ብርሃኑን ሊያዛባውና ሙቀቱንም ሊያሳጣው ይችላል። ጀርመን በ2020 ይህን የፈቀደችው ተፈትነው ለታወቁ አምፑሎችና የመኪና ዓይነቶች ብቻ መሆኑ ምክንያት አለው።

9. መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው የፊት መብራት ታሪክ ከነበልባል ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ ግማሽ አስተላላፊ ሲሸጋገር ብርሃንን ከሙቀት የመለየት ታሪክ ነው። ኤል ኢ ዲ በብርሃኑ፣ በዕድሜውና በቁጠባው ከሃሎጅን ይበልጣል፤ ወደ ኋላ እንመለስ የሚያሰኝ ምክንያት አላገኘንም። አመዳይ በሚወርድበት አገር ግን ማሞቂያ የሌለው ኤል ኢ ዲ ሥራው ያልተፈጸመ መብራት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በቶሮንቶና በስቶክሆልም በመኪና የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም አመዳይን ያዩት መሪ ከጨበጡ በኋላ ነው። ለእነርሱ መኪና ሲገዙ መብራቱ ማሞቂያ ወይም ማጠቢያ እንዳለው መጠየቅ፣ በየቆሙበትም ወርዶ መብራቱን መጥረግ፣ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የኋላውንም፣ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከዚህም ሰፋ ያለ ትምህርት እናገኛለን። አሮጌ መሣሪያ በአዲስ ሲተካ የምንጠይቀው ብዙውን ጊዜ «አሮጌው እንዲሠራ የታዘዘውን አዲሱ ይሠራል ወይ?» ብለን ነው። መጠየቅ የነበረብን ግን «አሮጌው ሳይታዘዝ ይሠራው የነበረው ምንድን ነው?» ተብሎም ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄዱት መኪናዎች የቤንዚን ሞተር በከንቱ ያወጣው የነበረውን ሙቀት ካጡ በኋላ ተሳፋሪውን ለማሞቅ ሌላ ዘዴ መፈለጋቸው ይኸው ጥያቄ መልኩን ለውጦ መምጣቱን ያሳያል። ሠሪዎቹ የሚኖሩበትና ተጠቃሚዎቹ የሚኖሩበት አገር የተለያየ በሆነ ጊዜ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ መሣሪያን ከውጭ የምንቀበል ሕዝቦችም ይህን ልናስብበት ይገባናል።

ጽሑፋችን አጭር ነው፤ ሊጨመርበትና ሊታረም የሚገባው ነገር አይጠፋውም። መምህራንና ጓደኞቻችን በተለይ በሦስተኛው ክፍል ስላቀረብነው ስሌት ያላቸውን አስተያየት ቢሰጡን፣ ከተቻለም በቤተ ሙከራ ቢፈትኑት፣ በደስታ እንቀበላለን።